የዘጠኝ ቀን ሥጋ

ባለቤቴ በዚህ አገር በኖረባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት ውስጥ አንድ ወዳጅ አበጀ። ያን ወዳጁን ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ነገሩን ለንስሐ አባቴም ለራሱ ለወዳጁም ተናግሬዋለሁ፤ ግን ስናገረው ሁልጊዜ ለራሴ እያደላሁ አሳጥረዋለሁ። ስጽፈው ማሳጠሩ ያስቸግረኝ እንደሆን ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ሎውሪ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ፊት ለፊት አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የአውሮፕላን መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሚስታቸው ቀድማቸዋለች፣ አንዲት ልጃቸው የምትኖረው ሌላ ስቴት ነው። ባለቤቴ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ውሎ ሲገባ፣ ጋራዣቸውን ከፍተው አንድ ነገር ሲፈቱ ወይ ሲገጥሙ ያገኛቸዋል። መጀመሪያ ከሩቅ እጅ ማንሣት ብቻ ነበር። ቀጥሎ «እስቲ ይቺን ያዝልኝ» መጣ። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ከራት በፊት ሰፈሩን በእግር መዞር ለመዱ። እኛ ቤት የሚጠሩት ጋሼ ተብለው ነው። ባለቤቴ ይህን ሲነግራቸው፣ ታላቅ ወንድም ማለት ከሆነ ጥሩ፣ አሮጌ ማለት ከሆነ ግን ሚስትህ ፊት እንዳትደግመው ብለውት ነበር።

ባለቤቴ ዝምተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ቅዳሴው ሲያልቅ መኪና ውስጥ ገብቶ ይጠብቀኛል። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ወሬው ሁሉ የአገር ቤት ፖለቲካ ስለሆነ ቶሎ ይሰለቸዋል። ከጋሼ ጋር ግን ይስቃል። ወጥ ቤት ቆሜ ሳቁን ከመንገድ ማዶ ስሰማው፣ ይህ ደግሞ የማን ሳቅ ነው ያልኩበት ጊዜ አለ።

ጋሼ በየዓመቱ መከር ላይ ወደ ተራራ ወጥተው ኤልክ ያድናሉ። ኤልክ አጋዘን የሚመስል፣ ግን ቁመቱ ፈረስ የሚያህል፣ ክብደቱም ከደህና ሰንጋ የማይተናነስ እንስሳ ነው። አንዱን ከጣሉ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሥጋ አይገዙም። ወንዱን ለማደን አንዳንድ ተራራ ላይ ፈቃዱ የሚገኘው በዕጣ ነው። እሳቸው ለሚፈልጉት ቦታ ብዙ ዓመት ሲጠብቁ ኖረው፣ በዚያ ዓመት ደረሳቸው። ጉልበታቸው ግን ተበላሽቶ ሐኪም ይቀየር ብሏቸዋል። እዚያ ተራራ ላይ ከእንግዲህ አልመለስም፣ የመጨረሻዬ ነው አሉ። ባለቤቴን አብሯቸው እንዲሄድ ሲጠይቁት እኔም ደጃፉ ላይ ነበርኩ። «ተኩሱ የኔ፣ ሸክሙ የሁለታችን፣ ሥጋው እኩል» አሉት።

ባለቤቴ ያን ሰሞን እንደገና ወጣት ሆነ። ሃያ አምስት ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ጀርባው ላይ አዝሎ ሎውሪን ይዞራል። ልጃችን ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በመስኮት እያየችው ዳዲ ቤቢሲት እያደረገ ነው ትላለች። ወፍራም ካልሲና ብርቱካናማ ሰደርያ ገዛ። ጋሼ ያስተማሩትን እየመጣ ይነግረኛል፦ ንፋስ ከየት እንደሚመጣ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ደረቅ ቅጠል ላይ እንዴት እንደሚረገጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከተተኮሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ማለት እንደሚገባ። የተመታ እንስሳ ካልተከተሉት እዚያው ተኝቶ ይሞታል፤ ከተከተሉት ግን በቀረችው ጉልበት ተነሥቶ ይሄዳል። ጋሼ ይህን ሲሉት ጣታቸውን እንደ አባት እየቀሰሩ ነው አለኝ። እኔ ያኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እንስሳው ትንፋሹ ሳይወጣ ደርሶበት፣ በስመ አብ ብሎ አንገቱን እንዲቆርጠው። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ በዚያ በኩል ነውር የለበትም። ሳይባረክ በጥይት የሞተ ነገር ግን ለእኔ ያው ጥንብ ነበር። ካልደረስክበት ቤቴ እንዳይገባ አልኩት። ልጃችን ሶፋው ላይ እንደተጋደመች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ፣ «ማሚ፣ ሱፐርማርኬት ያለውን ሚት ማን ብለስ አደረገው?» አለችኝ። መልስ ሲጠፋኝ እንደማደርገው፣ ከትልቅ ሰው ጋር እንዲህ አይወራም አልኳት። እውነቱን ለመናገር ከሥራ ደክሞኝ ስወጣ ከሱፐርማርኬት የተፈጨ ሥጋ ገዝቼ አውቃለሁ። ለፋሲካ ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ በግ ገዝተን፣ ባለቤቴ ራሱ ባርኮ አርዶ ነው የምንበላው። ያንን እያሰብኩ ራሴን እንደ ጠንቃቃ ሴት እቆጥር ነበር።

ባለቤቴ «እሺ፣ ለጋሼ ልንገራቸዋ» አለ። እኔም ይህንኑ ከለከልኩት። ፈረንጅ ፊት ስለ ቢላዋና ስለ ጸሎት ማስረዳቱ አሳፈረኝ። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው እንዳይሉን ፈራሁ። ይሉኝታ ይዞኝ፣ ምን ያስነግርሃል፣ ዝም ብለህ ቶሎ ድረስበት አልኩት። የፋሲካውን ቢላዋ ስዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቦርሳው ውስጥ የከተትኩት በገዛ እጄ ነው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። እኔ የጽጌን ጾም ስለምጾም እስከ ኅዳር አምስት ሥጋ አልቀምስም። ኅዳር አሥራ አምስት ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ከገና በፊት ያን ሥጋ የምቀምሰው በሁለቱ ጾሞች መካከል ባለው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲወጣለት ከሰባትም አይበልጥ። ያን ሁሉ ያዘዝኩት ለዚህች ነው።

ዓርብ ሄዱ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስልክ አልነበረም። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ሃቫና ስትሪት ዳቦ ልገዛ መኪናዬን ፓርክ እንዳደረግኩ ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ የተራራው ጫፍ ላይ ወጥቶ ድምፁ በንፋስ ይቆራረጣል። ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት መተኮሳቸውን፣ ኤልኩ መውደቁን፣ እሱ ሊደርስበት ሮጦ ሲጠጋ ተነሥቶ ገደል ውስጥ መግባቱን ነገረኝ። እስኪመሽ በዱካው ሲሄዱ ውለው አጡት። በማግስቱ ማለዳ ታች ጅረቱ ዳር ሞቶ አገኙት። ጋሼ የመጀመሪያውን ሸክም ይዘው እንደወጡ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ አሁን በእግራቸው መቆም አይችሉም። አንድ ሰው ያስፈልገናል አለኝ።

በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ ደህና ነህ ወይ ነው የሚለው። እኔ፣ «በሕይወቱ ደረስክበት?» አልኩት።

«አልደረስኩም» አለኝ። «ሥጋው የእሳቸው ነው፣ ቤትሽ አይገባም። ለመሸከም ብቻ ሰው ፈልጊልኝ።»

ቤትሽ ነው ያለኝ። ቤታችን አላለም።

ለምናውቃቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ደወልኩ፤ ሁሉም ሰኞ ሥራ ገቢ ናቸው። እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ነው፣ ሰው ማንሣትና ማገላበጥ የለመደ ጀርባ አለኝ። ሺፍቴን ቀየርኩና ሰኞ ማለዳ በአይ ሰባ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ነዳሁ። ትልቁን ዋሻ አልፌ፣ ከአስፋልቱ ወጥቼ፣ ኮረኮንቹ የሚያልቅበት ስደርስ የጋሼን ትራክ አየሁት። የኋላውን በር ከፍተው እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ዙሪያውን ታስሯል። «ሠራተኛ ጥራ ስለው አለቃውን ጠራ» አሉኝ። እኔን ሲያዩኝ ፈገግ አሉ፤ ወደ ባለቤቴ ሲዞሩ ግን ፈገግታቸው ጠፋ። ሁለቱ የተነጋገሩት ገመዱ የት ነው፣ ውሃ ይዘሃል ወይ፣ ይህን ብቻ ነው። ድካም መሰለኝ።

ከትራኩ እስከ ገደሉ አፍ ሜዳ ነው፤ አየሩ ግን ሳንባ አይሞላም፣ መቶ እርምጃ ሳልሄድ ማለክለክ ጀመርኩ። ሜዳው ሲያልቅ ባለቤቴ በእጁ አመለከተኝ። እዚያ ቋጥኙ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ኤልኩ የወደቀው ወዲህ፣ ሣሩ ላይ። ሣሩ ተደፍጥጦ፣ የደረቀ ደምና ረጅም ቡናማ ፀጉር ቀርቶበታል። በቋጥኙና በሣሩ መካከል ምንም ነገር የለም፣ ገላጣ ነው። ሲነሣ ለምን አልደገሙትም ብዬ ጠየቅኩት። «አልተመቸም» አለኝና ቁልቁለቱን ጀመረው።

ቁልቁለቱ የወደቀ ጥድ እርስ በርሱ የተጠላለፈበት፣ በላዩም ቀጭን በረዶ የሸፈነው ነው። አንዱን ግንድ ተሻግሬ ሌላው ላይ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ እየዞረ ያየኛል። ታች ስንደርስ ሥጋው በስስ ነጭ ከረጢት ሆኖ ጥድ ላይ ተሰቅሏል። ወርቹን ከቅርጹ ለየሁት፣ ጎድኑን፣ ሽንጡን። ቅርጫ የሚደለደልበት ቀን ይመስል ነበር፣ ሰው ከሌለበት በቀር። ሁለቱ የኋላ ታፋዎች ግን አልተሰቀሉም። ጅረቱ ዳር መሬት ላይ ቀርተዋል። ቀረብ ስል ሽታው ገባኝ።

ባለቤቴ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሌሊቱን ሆዱ ሳይከፈት ስላደረ፣ ያ ወፍራም ፀጉሩም ሙቀቱን ስለያዘው፣ አጥንቱ አካባቢ ተበላሽቷል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አሽትተው፣ ቢላዋቸውን ጠርገው፣ ተወው ብለውታል። ሌላ ቃል አልተናገሩም አለ። ሁለቱ ታፋ የዚያ እንስሳ እኩሌታ ማለት ነው። እኔ የዳቦ ፍርፋሪ ሲወድቅብኝ አንሥቼ ስሜ የምቀምጥ ሴት ነኝ። ቆሜ አየሁትና ፊቴን አዞርኩ።

ቀጥሎ ያለው ሸክም ነው። ባለቤቴ የብረት ጀርባ ባለው ቦርሳ አንዱን ወርች ከነአጥንቱ ተሸከመ። ለእኔ ከሌላው ወርች የተገፈፈውን ሥጋ ከፍሎ በልጃችን የትምህርት ቤት ቦርሳ አደረገልኝ፤ ማሰሪያው ትከሻዬን ሲቆርጠኝ የራስ መሸፈኛዬን አጥፌ ከሥሩ ከተትኩ። ሽቅቡን በእያንዳንዱ እርምጃ እግዚኦ እያልኩ ወጣሁ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ስል ቁጥሩ ይጠፋኛል፣ ከአንድ እጀምራለሁ። አንድ ቦታ ላይ ተንሸራትቼ በጉልበቴ ወደቅኩ። ቦርሳው ወደ ራሴ መጥቶ ግንባሬን ከግንዱ አጋጨኝ። ባለቤቴ ወደ ታች ተመልሶ፣ አውርጂው፣ እኔ እመለስበታለሁ አለኝ። አላወርድም አልኩት። እልህ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ጀርባዬ ላይ ያለው ነገር በጣም እንዲከብደኝ እፈልግ ነበር።

ሦስት ጊዜ ወርደን ወጣን። በመጨረሻው ጊዜ ባለቤቴ ቀንዱን ከነራስ ቅሉ ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊቴ ሲሄድ፣ ቅርንጫፎቹ ከጥዱ ጋር እየተያዙ ወደ ኋላ ይጎትቱት ነበር። ከሰዓት በኋላ ትራኩ ጋ ስንደርስ ጋሼ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እየዳሰሱ ቀዝቃዛ መሆናቸውን አዩ። ቀንዱን ባለቤቴ ሲያቀብላቸው፣ «አመሰግናለሁ» አሉት፣ እንደማያውቁት ሰው።

በሳምንቱ ጋሼ በምርኩዝ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ባለቤቴ ትልቅ የበረዶ ሣጥን ተሸክሞላቸዋል። ውስጡ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ ነው፤ በየጥቅሉ ላይ የምኑ ሥጋ እንደሆነ በእጃቸው ጽፈዋል። «እኩል ብያለሁ» አሉ። ከሽንጡም እኩል ነው፣ ምርጡን ለራሳቸው አላስቀሩም። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ፣ ደጅ ድረስ ሸኘሁ። በማግስቱ ሣጥኑን ለሥራ ባልደረቦቼ ወስጄ አከፋፈልኩት።

ኅዳር ስድስት ጾሙ ሲፈታ ከሱፐርማርኬት ዶሮ ገዝቼ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጋሼን ደጅ ላይ አገኘናቸው፤ ሽንጡ እንዴት ነበር አሉኝ። በጣም ጣፋጭ ነበር አልኳቸው። በበርበሬ ነው የሠራሽው ሲሉኝ፣ በደንብ አድርጌ አልኩ። ከበርበሬ ጋር ይሄዳል ወይ ብለው ደግሞ ጠየቁ። ይሄዳል አልኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር።

ክረምቱ ላይ ጉልበታቸው ተቀየረላቸውና ዳኑ። ባለቤቴ ተሽሏቸው አብረው እስኪዞሩ ይጠብቅ ነበር። ሲሻላቸው ግን ብቻቸውን መዞር ጀመሩ፣ እሱ ከሥራ ሳይገባ። በተከታዩ ዓመት መከር ላይ ጋሼ ሌላ ተራራ ሊሄዱ ከእህታቸው ልጅ ጋር ትራኩን ሲጭኑ ባለቤቴ በመስኮት አያቸው። ረስተውት ይሆናል አልኩት፣ የሚባል ነገር ጠፍቶኝ። አልረሱም አለኝ። አልከፋኝምም አለ። የሁለቱ ነገር ተመልሶ ከሩቅ እጅ ማንሣት ሆነ። ከመንገድ ማዶ ሳቁን መስማት ከቀረብኝ በኋላ ነው ምን እንዳደረግኩ እየገባኝ የመጣው፤ እሱም ቢሆን ገና ግማሹ ነበር።

በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ሥጋ አባክኛለሁ፣ ዋሽቻለሁ አልኩ። ነገሩን ከሥሩ አስነገሩኝ። ስጨርስ መስቀላቸውን እያገላበጡ ጠየቁኝ።

«ያን ትእዛዝ ለባልሽ ስትሰጪ እኔን ጠይቀሽኛል?»

«አልጠየቅኩም አባ።»

«ብትጠይቂኝ ምን እንደምልሽ አሁን አልነግርሽም፤ ማምለጫ ታደርጊዋለሽ። ሂጂና ለሰውየው እውነቱን ንገሪ። ስግደቱን ከዚያ በኋላ እሰጥሻለሁ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። አልነገርኩም። ዛሬ ነገ ስል፣ ከበዓሉ በኋላ ስል፣ ብርዱ ሲያልፍ ስል ሁለት ዓመት አለፈ። ሰባት ሰዓት ቆሜ የማስቀድስ ሴት፣ አንድ መንገድ መሻገር አቃተኝ። አረጋዊ ሰው ቤት ሄጄ ያጠፋሁትን ልናገር ሳስብ ፊቴ ይቃጠላል። ባለቤቴም አንድ ቀን እንኳ ያንቺ ጣጣ ነው ብሎኝ ስለማያውቅ፣ ዝም ማለቱ ቀለለኝ።

ያለፈው ጸደይ ላይ ጋሼ ቤት ፊት ለፊት የሚሸጥ የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ እያለ፣ ተሻገርኩ። ጋራዡ ክፍት ነው፤ መፍቻዎቻቸውን በየመጠናቸው እየለዩ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። ቁጭ በይ አሉኝ። ቆሜ ነገርኳቸው። ባለቤቴ የሮጠው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን እኔ ስላዘዝኩት መሆኑን፣ ለእርሳቸው ሊነግራቸው ሲል የከለከልኩት እኔ መሆኔን፣ ሁሉንም።

አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ የመካኒክ ጥያቄ ነው። ከተመታ በኋላ ምን ያህል ጊዜ አላችሁ አሉኝ። እስከተነፈሰ ድረስ አልኩ። ወደ ግድግዳው እያዩ ትንሽ አሰቡ።

«አንገቱ ላይ እመታው ነበር» አሉ። «እዚያው ይወድቃል፣ ግን ለጥቂት ጊዜ ይተነፍሳል። ጥይቱን ከጠመንጃው አውጥቼ ሁለታችንም አብረን እንሄዳለን። ሊሠራ የሚችል ነገር ነበር እኮ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቢሰሙ ይንቁናል ብዬ ነበር የፈራሁት።

«እኔ ያየሁትን ነግሮሻል?» አሉኝ ቀጥለው። ምኑን አልኳቸው። መፍቻውን ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። «ኤልኩ ሊነሣ ሲል ልደግመው የጠመንጃዬ መነጽር ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው፣ መሳብ ጀምሬያለሁ። መነጽሩ በሙሉ ብርቱካናማ ሆነ። ባልሽ ነበር።»

ያኔ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ተቀመጡ። ለምን ሮጥክ ብለው እዚያው ጠይቀውት አላውቅም እንዳላቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር ተራራ መውጣት ያልቻሉት ተቆጥተው አይደለም። ማታ ማታ አብረው ሲዞሩ እንኳ ያ ሰደርያ ይመጣባቸዋል። ለሞት የሮጠበትን ምክንያት የማያውቅ ሰው አድርገው ነው ሦስት ዓመት ያዩት። «ምክንያቱን ባውቅ ኖሮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ሽንጡንም እንዳልበላነው ያኔ ነገርኳቸው። ከመጣሁ አይቀር ብዬ።

«በርበሬውስ?»

«እሱም ውሸት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊስቁ የፈለጉ መሰለኝ፤ ግን አልሳቁም። ያን ያህል ዓመት ጠብቀው ያገኙት፣ ያደኑት፣ በምርኩዝ መንገድ ተሻግረው ያመጡት ነገር ነበር።

ባለቤቴ ሲገባ ጠብቄ፣ ከጠመንጃ ፊት ነው የሮጥከው አልኩት። ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማን ነገረሽ አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ እውነቱ ወጣልህ፣ ከእንግዲህ ሞኝ አይሉህም ልለው ነበር ያሰብኩት። ፊቱ ግን አልፈታም። ለምን ደበቅከኝ አልኩት።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ትሰግጃለሽ። መቶ፣ ሁለት መቶ ትሰግጃለሽ። እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ ጉልበትሽ ወለሉን ሲመታ እሰማለሁ።» ጃኬቱን እያወለቀ፣ «ልትነግሪያቸው ስትሄጂ ልትጠይቂኝ ይገባ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዝም በል ስለው አልጠየቅኩትም፣ ልናገር ስሄድም አልጠየቅኩትም። ሦስት ዓመት የተሸከመልኝን ነገር ከጀርባው ላይ አውርጄ መንገድ ማዶ አስረከብኩበት። ስግደቱን አባ ሰጡኝ፤ የሰገድኩት ግን እሱ ሥራ ላይ ሲሆን ነው።

ጋሼ ዕቃቸውን የጫኑ ዕለት ባለቤቴ ሥራ ቀርቶ ረዳቸው። ሁለቱ ባዶውን ፍሪዘር ከጋራዡ ሲያወጡ በመስኮት አየኋቸው፤ ቀስ፣ ወደ አንተ፣ እዚህ ጋ ደረጃ አለ፣ ይባባላሉ። እንደ ድሮው ይስቃሉ ብዬ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር። ጨርሰው ትራኩ አጠገብ ቆመው ትንሽ አወሩ። ጋሼ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው አቆዩት። ወጥቼ ተሰናበትኳቸው፤ ባልሽን ጠብቂው አሉኝ፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ። ሲሄዱ ባለቤቴን ምን አሉህ ብዬ ጠየቅኩት። ስለ አዲሱ ቤት ጋራዥ ነው፣ ጠባብ ነው አሉ፣ አለኝ።

አሁን ማዶ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ገብተዋል። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ያን መንገድ ብቻውን ይዞራል። ባለፈው ሳምንት ጫማውን ሲያስር አብሬህ ልዙር አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ይበርድሻል አለኝ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። እውነትም ብርድ ነበር። ሹራቤ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ደርቤ ልከተለው እችል ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሜ እስኪታጠፍ አየሁት።